ሰው ከማወያየታችሁ በፊት ሆዳችሁን አዳምጡ፦ ሐዋሳ ላይ የማወያየት ልምምድ ግሩፕ እንዴት ይጀመራል

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ እዚሁ ሐዋሳ አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ተከራዮች በውሃ ሂሳብ ተጣልተው "ና አወያየን" ተባልኩና ሄድኩ። ትሬኒንግ ወስጃለሁ፣ ፍሊፕቻርትም ማርከርም ይዣለሁ፣ በራሴ በጣም ተማምኜ ነበር። ገና አስር ደቂቃ ሳይሞላን አንድ አባት "እናንተ ልጆች ውሃውን እንደ ወንዝ ነው የምታፈሱት!" ብለው ሲጮሁ ደረቴ ጥብቅ አለ፣ እጄ ቀዘቀዘ፣ ከዛ በኋላ ልጆቹ ሲናገሩ ቶሎ ቶሎ አቋርጣለሁ፣ እሳቸው ሲናገሩ ደግሞ አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ ይሄን ሁሉ ሳደርግ ግን አልታወቀኝም። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ "አንተ መቼ አወያየኸን፣ ከሳቸው ጋር ሆነህ ፈረድክብን እንጂ" አለችኝ። ልክ ነበረች። የሰውየው ድምፅ የአባቴን ድምፅ ነበር የሚመስለው፣ እኔ ደግሞ አባቴ ሲጮህ እሺ ብዬ ነው ያደግኩት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ትሬኒንግ ላይ የሚሰጠን ዘዴ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ የራሳችንን ውስጥ ካላወቅን እንደማይሰራ ነው። ከዛ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በየሁለት ሳምንቱ የምንለማመድበት ትንሽ ግሩፕ ጀመርን። እናንተም መጀመር ትችላላችሁ፣ ፕሮጀክትም በጀትም አይጠይቅም።

ሰው ከ8 እስከ 12 ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከዛ ካነሰ አንድ ሰው ሲቀር ልምምዱ ይበላሻል፣ ከበዛ ደግሞ ግማሹ ስልኩን ነው የሚያየው። ከመጀመሪያው አበል እንደሌለ ተናገሩ፣ ይሄን በግልፅ ካላላችሁ ሰው በልቡ ይጠብቃል። ቦታው ፍቅር ሐይቅ ዳር ቢሆን ደስ ይላል ግን ከሰዓት ጫጫታ ስለሚሆን በጠዋት ካልሆነ አይመከርም፣ እኛ የአንዷን ጓደኛችንን ግቢ ነው የምንጠቀመው፣ ወንበሩን በክብ ታደርጉታላችሁ፣ መሀል ላይ ጠረጴዛ አታስቀምጡ፣ ሰው ከጠረጴዛ ጀርባ ሲደበቅ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይታይም።

የመጀመሪያው አስር ደቂቃ ለዝምታ ነው። እግራችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ በዚህ ሳምንት ትንሽ ቅር ያሰኛችሁን ሰው አስቡ፣ ትንሽ ነው ያልኩት፣ ትልቁን ቁስል በመጀመሪያው ቀን አትንኩት። ከዛ ነገሩ ሰውነታችሁ ላይ የት እንደተቀመጠ ፈልጉ። እዚህ ላይ አማርኛችን በጣም ይረዳናል እኮ፣ እኛ ስሜትን ድሮም በሰውነት ነው የምንናገረው፦ ሆዴ ባባ፣ ደሜ ፈላ፣ አንጀቴ ቆሰለ፣ ልቤ ተሰበረ እንላለን። እነዚህ ግን አንድ አይደሉም። ደሙ የፈላ ሰው አሁን መናገር ይፈልጋል፣ አንጀቱ የቆሰለ ሰው መጀመሪያ እንዲታዘንለት ይፈልጋል፣ ቅር ያለው ደግሞ እስኪጠየቅ ዝም ይላል። የራሳችሁን መለየት ስትጀምሩ የሌላውንም ፊቱ ላይ ማንበብ ትጀምራላችሁ። ደብተር ያዙና በየጊዜው አንድ መስመር ፃፉ፣ ከሶስት ወር በኋላ ስታነቡት የምትደነግጡበት ቦታ ሁሌ አንድ አይነት መሆኑን ታያላችሁ፣ የኔ እንደነገርኳችሁ የትልቅ ሰው ጩኸት ነው።

ቀጥሎ ስለ ደረጃ መነጋገር ያስፈልጋል። አርኖልድ ሚንዴል የሚባል፣ ፕሮሰስ ወርክ የሚባለውን ከስሜትና ከግጭት ጋር የሚሰራ አካሄድ የጀመረ ሰው ነበር፣ እሱ አጥብቆ ያነሳ የነበረው ነገር አንድ ስብሰባ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ደረጃውን ይዞ እንደሚገባና ከፍ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ ከፍታ እንደማይታየው ነው። ወደኛ ከተማ አምጡት እስቲ፦ ባለቤትና ተከራይ፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ወንድና ሴት፣ ደግሞ አማርኛ የሚቀለውና የማይቀለው። ሐዋሳ ላይ ሲዳሙ አፎ ወይ ወላይትኛ አፉን የፈታበት ሰው በአማርኛ ሲከራከር ሀሳቡ ግማሽ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ሲናደድ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋበታል። ስለዚህ በሚቀልህ ቋንቋ ተናገር በሉት፣ አጠገቡ ያለ ይተርጉምለት፣ ጊዜውንም እጥፍ ስጡት። ይሄ ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው፣ ስንት ሰው ቃል አጥሮት ተሸናፊ እየሆነ ይወጣል።

አሁን ዋናው ልምምድ። አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ሁለቱ ይጣላሉ፣ አንዱ ያወያያል፣ አራተኛው ያያል። ጠቡ ከህይወት የተወሰደ ይሁን ግን መካከለኛ፣ ለምሳሌ እቁብ ዘግይቶ መክፈል፣ የጎረቤት ሙዚቃ፣ ቤት ውስጥ ስራ ለአንድ ሰው መጣል ምናምን። 15 ደቂቃ ያወሩ። አወያዩ የሚሰራው ነገር ብዙ አይደለም፣ አንዱ ሲናገር "እንዲህ ያልሽ መሰለኝ፣ ልክ ነኝ?" ብሎ መመለስ፣ ነገር ሲግል ማፍጠን ሳይሆን ማዘግየት፣ እና በይሉኝታ የተዋጠውን ነገር በቀስታ ማውጣት ነው። የመጨረሻው ከባድ ነው። ሰው "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ሲተወው ስምምነት ይመስላችኋል፣ ግን ኩርፊያው ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ነው የሚጀምረው። "አሁን ያልተባለ ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል" ብላችሁ ዝም በሉ፣ ዝምታውን ቶሎ አትሙሉት።

አራተኛው ሰው የሚጣሉትን አይደለም የሚያየው፣ አወያዩን ነው። ለማን ፊቱን ሰጠ፣ ማንን ስንት ጊዜ አቋረጠ፣ ትከሻው መቼ ወጣ። በመጨረሻ ያየውን ብቻ ይናገራል፣ "አድልተሃል" አይልም፣ "እሷን ሶስት ጊዜ አቋረጥካት፣ እሱን አንዴም" ይላል። ከዛ ቦታ ትቀያየራላችሁ። የተጣሉትም ወንበር ይቀያየሩና አንዱ ሌላውን ሆኖ ለሁለት ደቂቃ ያውራ፣ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንባ ይመጣል፣ አትፍሩት፣ ሶፍት አቀብላችሁ ጠብቁ።

ለተጣሉት ሰዎች አነጋገር፣ ሳይካሰሱ የመነጋገር ዘዴን (nonviolent communication) የጀመረው ማርሻል ሮዘንበርግ ያስተማረው አራት ነገር ይጠቅማል፦ ያየሁት፣ የተሰማኝ፣ የሚያስፈልገኝ፣ የምጠይቅህ። "አንተ ግዴለሽ ነህ" ከማለት "በዚህ ወር እቁቡን ሁለቴ አዘገየህ፣ ጨነቀኝ፣ የቤት ኪራይ መክፈያዬ ስለሆነ እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ የማትችል ከሆነ በሶስት ቀን ቀደም ብለህ ትነግረኛለህ?" ማለት። መጀመሪያ ላይ እንደ ፎርም መሙላት ይመስላል፣ እየቆየ ወደራሳችሁ አነጋገር ይመጣል።

ይሄ ሁሉ ግን ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሲዳማ ውስጥ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ተቀምጠው ሲመክሩ "አፊኒ" የሚባል ጥያቄ አለ፣ "ሰማችሁ ወይ" እንደማለት ነው፣ ነገሩ ሳይሰማና ሳይመከርበት ወደ ውሳኔ አይኬድም፣ የሚፈለገውም ሃላሌ ማለትም እውነት ነው። እድሉ ካላችሁ አንድ የሚያውቅ አባት ጋብዛችሁ ሁለት ሰዓት አዳምጡ፣ ከብዙ ፓወር ፖይንት ይበልጣል። ልዩነቱን ግን አትርሱ፣ ሽማግሌ ሊፈርድ፣ ካሳም ሊል ይችላል፣ አወያይ ግን አይፈርድም፣ ውሳኔው የነሱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ዱላ ካለ፣ ዛቻ ካለ፣ አንዷ ወገን ቤት ስትገባ የምትፈራ ከሆነ ይሄ የማወያየት ጉዳይ አይደለም፣ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ማነጋገር እሷን አደጋ ላይ መጣል ነው፣ ለብቻዋ አዳምጧትና እሺ ካለች ወደ ፖሊስ ወይ የህግ ድጋፍ ወደምታገኝበት አብራችኋት ሂዱ። የደምና የመሬት ነገርም ገና ለለማማጅ አይሆንም፣ ለሽማግሌዎቹ ተዉት።

ከእውነተኛ ሰዎች ጋር መስራት ስትጀምሩ ደግሞ ስምምነቱን በራሳቸው ቃል አፅፏቸው፣ ማን ምን መቼ እንደሚያደርግ፣ "እንተሳሰብ" የሚል ነገር አይበቃም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሁለቱም ለየብቻ ደውሉ፣ "ታረቃችሁ?" አትበሉ፣ ደስ እንዲላችሁ ብለው አዎ ይሏችኋል፣ "ከዛ ወዲህ መጨረሻ ያወራችሁት ስለምን ነበር?" በሏቸው።