የነከሰ ውሻ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፦ የእንስሳት ባህርይ ባለሙያን እንዴት ማሠራት ይቻላል?

የጎረቤት ውሻ ልጅ ነክሶ፣ ሽምግልናው ሳይሳካ ሲቀር ክስ ይመሠረታል። አንደኛው ወገን «ውሻው ክፉ ነው» ይላል፣ ሌላው «ዝንብ አይነካም» ይላል። ዳኛ በዚህ ምንም ሊወስን አይችልም። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ስለ ውሾች ጠባይ ችሎት ፊት ቀርቤ አስረድቻለሁ፣ መጀመሪያ ላይም ክፉኛ ተሳስቻለሁ።

1. ውሻውን አያስገድሉ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡና የተነከሰውን ሰው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ሲጠበቅ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት ይታወቃል፤ ሕክምናው ግን ይህን ቀን አይጠብቅም። ሰፈሩ ተቆጥቶ ውሻውን ከገደለው፣ በኋላ ባለሙያ የሚመረምረው ጠባይ አይኖርም።

2. ባለሙያው የሚመልሰውን ጥያቄ ይለዩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 ባለቤቱን፣ እንስሳው በድንገት አምልጦት ጉዳት ቢያደርስም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ «ባለቤቱ ጥንቁቅ ነበር» የሚል ምስክር ብዙም አይረዳም። ክርክሩ የሚዞረው ተጎጂው ራሱ ጥፋት ነበረበት ወይ በሚለው ላይ ነው። ውሻውን ደብድቦታል? ቡችሎቿን ሊወስድባት ነበር? ወይስ በመንገዱ ሲያልፍ ብቻ ነው የተነከሰው? ባለሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

3. ባለሙያውን ይምረጡ። በአገራችን በቅርብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ነገር ግን መርፌ መውጋት የሚያውቅ ሁሉ ጠባይ ማንበብ አያውቅም። ውሻውን ሳያይ «እናሸንፋለን» የሚል ሰው አይቅጠሩ። ክፍያውንም ከፍርዱ ውጤት ጋር አያያይዙ።

4. ውሻው በነከሰበት ቦታ ይታይ። እኔን ያሳፈረኝ ይህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለቤት የተከሰሰበትን ውሻ ወደ ክሊኒኬ አመጣ። ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት፣ አፉን ከፈትኩት፣ ጆሮውን ነካሁት፤ ንቅንቅ አላለም። «ረጋ ያለ፣ ሰው የማይተናኮል» ብዬ ጻፍኩ። በችሎት የከሳሽ ጠበቃ «ታስሮ በሚውልበት በር ላይ አይተውታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁትም ነበር። ጽሑፌ ዋጋ አጣ።

ጸጸቱ ስላልተወኝ ኋላ ወደ ግቢው ሄድኩ። ሰንሰለቱ ሦስት ሜትር ነው፣ ከበሩ ወደ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ሰው በገባ ቁጥር ውሻው የሚሸሽበት ቦታ የለውም። እግሬን ሳነሣ ሰውነቱ ደረቀ፣ የዓይኑ ነጭ ታየ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ፣ ከዚያም ተወረወረ። ጠረጴዛዬ ላይ የረጋ የመሰለኝ በፍርሃት ደርቆ ነበር። ልጁም በዚያ መተላለፊያ ከማለፍ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ይህን ባየሁ ኖሮ የምመሰክረው ከቀጠረኝ ሰው ተቃራኒ ነበር፤ መመስከርም ነበረብኝ።

ስለዚህ ባለሙያው ሜትርና የስልክ ካሜራ ይዞ፣ ጉዳቱ በደረሰበት ሰዓት፣ ከሰንሰለቱ መድረሻ ውጭ ቆሞ ይመልከት። ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስ፤ ባለቤቱ ባለበትም በሌለበትም። የተነከሰውን ልጅ ግን «እንዴት እንደነበር አሳየን» ብሎ ወደ ውሻው ማቅረብ ፈጽሞ አይገባም። ጅራት መወዝወዝ ብቻውን የወዳጅነት ምልክት አይደለም፤ ሰውነቱ ገትሮ፣ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ የሚወዘውዝ ውሻ ሊናከስ ይችላል።

5. ሪፖርቱ ለሁለት ይከፈል። መጀመሪያ የታየው፣ ቀጥሎ ትርጉሙ። «ከንፈሩን ላሰ፣ ፊቱን አዞረ» የታየ ነው፤ «ፈርቶ ነበር» ትርጉም ነው። «ቂም ይዞ»፣ «ቀንቶ» የሚሉትን ያስወጡ። የክትባት ካርዱና የሐኪም ማስረጃው ይያያዙ።

6. ጊዜውን ይጠብቁ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የሰንሰለቱንና የመተላለፊያውን ፎቶ ግን በዚያው ሳምንት ያንሡ፤ ክስ መኖሩ ሲሰማ ሰንሰለት ያጥራል፣ ውሻውም ወደ ጓሮ ይዛወራል።