የደጀን ዳገት ላይ የሚያስል ሞተር

ከጎሃ ጽዮን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ያለፈ የናፍጣ መኪና የደጀንን ዳገት ሲይዝ ያስላል፤ ጉልበቱ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ሜዳው ላይ ሲወጣ ምንም እንዳልነበረ ይሮጣል። ሹፌሩ «ከፍታው ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው» ይላል። አልቀበለውም። የአየር መሳሳት ጉልበትን የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው፤ መጣ ሄደ አይልም። ደግሞስ ደጀን ከተማ ላይ ከፍታው መች ቀነሰ? ሞተሩ ግን ድኗል።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃ ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታንኩ ግርጌ ይተኛል። መኪናው ሲያጋድል ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፤ የመምጠጫው ቱቦ አፍ በዚያ በኩል ከሆነ ከናፍጣው ጋር ይሳባል። በቆሻሻ የተዘጋ ፊልትሮም (የናፍጣው ማጣሪያ) ዳገት ላይ ጉልበት ይነሳል፤ ስለዚህ ሳያዩ አይፈረድም። እኔ አንድ ጊዜ ሳላይ ፈርጄ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ደኅና ኢንጄክተር አስፈትቻለሁ።

ውሃው ከየት ይገባል? በክረምት ክዳኑ ሳይገጥም ደጅ ካደረ ጀሪካን፣ ላስቲኩ ካለቀ የታንክ ክዳን፣ ወይም ከአየሩ ራሱ። ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ግማሽ ታንክ ይዞ በሚያድር መኪና ውስጥ የታመቀው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል። ማታ ሞልቶ ማሳደር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ምርመራው የሚበላሸው ያለ ሰዓቱ ሲደረግ ነው። ከጉዞ እንደገቡ ከታንኩ ቢቀዱ ውሃውና ናፍጣው ተናውጠው ስለሚደባለቁ አይለዩም። መኪናው ሜዳ ላይ ይደር። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የታንኩን የማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርገው ግማሽ ሊትር ያህል ወደ ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ይቅዱ፤ ሲጋራ አጠገብ አይኑር። ግማሽ ሰዓት ያቁሙት። ከታች በቀጭን መስመር የተለየ ነገር ከታየ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ሙሉ ደፍርሶ ከቀረ ውሃው ገና አልሰፈረም፤ ይጠብቁ። ማደያዎች በመለኪያ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚቀቡት፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት አለ፤ ካገኙት በጥርጣሬ ጊዜ ይገላግላል።

ውሃ ከተገኘ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ፤ ወደ ቦይ ግን አይድፉት። ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውንም አውጥተው ፊልትሮውን ይለውጡ፣ ከዚያ ሲለወጥ የገባውን አየር በእጅ ፖምፓው ያስወጡ። በውሃውና በናፍጣው መካከል ጥቁር ዝልግልግ ነገር ካዩ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ። ዳሽቦርዱ ላይ ናፍጣው ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚያሳየው መብራት በርቶ ሳለ «እስከ ሉማሜ ልድረስ» የሚለውን ሐሳብ ይተዉት፤ ውሃ እንደ ናፍጣ አያለሰልስም፣ የዘመናዊ ሞተር ፖምፓና ኢንጄክተር ዋጋ ደግሞ ከፊልትሮ ጋር አይወዳደርም። ውሃውን ያጠፋል ብሎ አልኮል መጨመርም ናፍጣ ላይ አይሠራም።

የቤንዚኑ ባጃጅ ቀላል ነው፦ ከታንኩና ከካርቡራቶሩ ግርጌ ያፍስሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው ጭነቱን ይዞ ያንኑ ዳገት ሲወጣ አሁንም ካሳለ፣ ያን ጊዜ ላልቶ ወይም ተሰንጥቆ ወደ ናፍጣው አየር የሚያስገባ ቱቦ ይፈለግ፤ ፖምፓውና ኢንጄክተሩ ከዚያ በኋላ ይፈቱ።