ስለ ታይላንድና ስለ ወሲብ ንግድ ስናወራ የምንስታቸው ነገሮች

ለሕክምና ባንኮክ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ከሚያርፉባቸው ሰፈሮች አንዱ ናና ነው፤ ሲመሽ በባሮቹ የሚታወቅ ሰፈር። ያንን አይቶ የተመለሰ ሰው «ታዮች እኮ ነውር አያውቁም» ሲል እሰማለሁ። ይህ ፍርድ ያናድደኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ሕጋዊ ነው» ማለት

አይደለም። የወሲብ ንግድ በ1960 ታገደ፤ የ1996ቱ ሕግም ክልከላውን አላነሳም። ግን ለጭፈራ ቤትና ለማሳጅ ቤት ፈቃድ የሚሰጥ የ1966 ሕግ አለ፤ ሥራው በዚያ ጥላ ሥር ይካሄዳል። በ2003 የማሳጅ ቤቶች ባለሀብት የነበረው ቹዊት ካሞልዊሲት ለፖሊሶች ጉቦ ይከፍል እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። በ2005 ፓርላማ ገባ። መራጮቹ ንግዱን ወደውለት አይመስለኝም፤ ጉቦው አንገሽግሿቸው እንጂ።

«ፈረንጅ ያመጣው ነው» ማለት

በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ለእረፍት ይመጡ ነበር፤ የባሕር ጠረፍ ከተማዋ ፓታያም ያኔ ገነነች። ነገር ግን መንግሥት ሴተኛ አዳሪ ቤቶችን በ1908 ሕግ አውጥቶ ይመዘግብ ነበር። ዛሬም ቱሪስት በማይረግጣቸው ከተሞች ደንበኛው የአገሬው ወንድ ነው።

«አያፍሩም» ማለት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በ1993 አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ባንኮክን በሴተኛ አዳሪዎቿ የምትታወቅ ከተማ ብሎ ሲጽፍ ታዮች ክፉኛ ተቆጡ። ብዙ የባንኮክ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ነገሩን የአገር ገመና አድርገው ያዩታል።

ኢሳን ሲደርሱ ግን ይወሳሰባል። ኢሳን ሰሜን ምሥራቁ፣ የገበሬው አገር ነው። እዚያ ልጅ የወላጁን ውለታ መክፈል አለበት። ወንዱ በቡድሃ እምነት ሥርዓት ለጥቂት ጊዜም ቢሆን መንኩሶ ለእናቱ ጽድቅ ያስገኛል። ሴቷ ይህ መንገድ የላትም፤ ስለዚህ ብር ትልካለች፤ አንዳንዷም ከዚሁ ሥራ ያገኘችውን። በዚያ ብር ቤት ይሠራል፣ የታናሽ ወንድም ትምህርት ይከፈላል። ጎረቤት ብሩ ከየት እንደመጣ ይገምታል፤ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። ያው ጎረቤት ግን ልጅቷ ለልጁ ሚስት እንድትሆን ላይፈልግ ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት

በ1984 ፉኬት ውስጥ አንድ ሴተኛ አዳሪ ቤት ሲቃጠል የተቆለፈባቸው አምስት ወጣት ሴቶች ሞቱ። ስለ መገደድ ማውራት ተገቢ ነው። በቀጣዩ ዓመት የተመሠረተው ኢምፓወር የተባለ የወሲብ ሠራተኞች ድርጅት ደግሞ ሴቶቹ እንደማንኛውም ሠራተኛ መብታቸው እንዲከበር ይታገላል። አባላቱ በ2006 ቺያንግ ማይ ውስጥ የራሳቸውን ባር ከፈቱ። እዚያ የምትሠራ ሴት የእረፍት ቀን አላት፤ ማኅበራዊ ዋስትናም አላት።