የሞዴል ባቡር መልክዓ ምድር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሞዴል ባቡር ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ከሐዲዱ ነው፤ ተራራውና ወንዙ ሐዲዱ ባስተረፈው ቦታ ላይ ይከተላሉ። በእውነተኛው ዓለም ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ምድሩ ቀድሞ ነበረ፤ ሐዲዱ ኋላ መጥቶ፣ ተለማምጦ ያለፈ እንግዳ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚወለዱት ይህን ቅደም ተከተል ከመዘንጋት ነው።

ጠፍጣፋ መሬት

በጣውላ ላይ ሐዲድ ዘርግቶ እዚህም እዚያም ጉብታ መቆለል የተለመደ ነው። ውጤቱም ሁሉ ነገር ከሐዲዱ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣበት፣ ወደ ታች የሚወርድ አንዳች የሌለበት፣ ምድር የማይመስል ምድር ይሆናል። ጣውላውን ከሐዲዱ ሥር ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ቆርጦ ማውጣት፣ ወይም ከመነሻው ወፍራም የፎም ሰሌዳ አንጥፎ ሸለቆውን በቢላ መቅረጽ ይቻላል። (ሙጫውን አስቀድመው በቁራጭ ፎም ላይ ይሞክሩት፤ ፎም የሚያቀልጡ የስፕሬይ ሙጫዎች አሉ።) ትልቅ ገደል የግድ አይደለም። በኤች ኦ ልኬት፣ ማለትም በ1 ለ 87፣ ከሐዲዱ ጎን የተቀረጸ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በእውነተኛው ዓለም ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። የዝናብ ውሃ መውረጃ የሌለው የባቡር መስመር ዕድሜው አጭር ስለሆነ፣ ይህች ቦይ ብቻዋን መስመሩን እውነተኛ ታስመስለዋለች።

ዋሻም እንዲሁ ምክንያት ይፈልጋል። መሐንዲስ ተራራ የሚበሳው መዞሩም መቁረጡም ሳያዋጣው ሲቀር ነው። በሁለት ስንዝር ዞሮ ሊታለፍ የሚችል ጉብታን የሚበሳ ዋሻ ማንንም አያሳምንም።

ድንክ ዛፎች

20 ሜትር የሚረዝም ዛፍ በጫካ ውስጥ ማንንም አያስደንቅም። በኤች ኦ ልኬት ግን ይህ 23 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በኤን፣ ማለትም በ1 ለ 160፣ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ታሽገው ከሚሸጡት ዛፎች ብዙዎቹ ከዚህ በእጅጉ ያጠሩ ናቸው። ሁሉንም ማርዘም አይጠበቅብዎትም፤ ጥቂት ረጃጅሞችን ከፊት ተክለው አጫጭሮቹን ወደ ኋላ ቢያደርጉ ቦታው ጥልቀት ያገኛል። በእኩል ርቀት መደርደር ግን የሚያምረው ለአትክልት ቦታ ብቻ ነው።

አንድ ዓይነት ቀለም

ከአንድ ጥቅል የወጣ አረንጓዴ ሲነሰነስ ዓይን ይወጋል። ሣር ደረቅም ለምለምም፣ ረጅምም አጭርም ነው። የ2፣ የ4 እና የ6 ሚሊ ሜትር የሣር ክሮችን፣ ገለባ የሚመስለውን ጨምሮ፣ ቀላቅለው ይጠቀሙ። 6 ሚሊ ሜትር በኤች ኦ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ የታጨደ ግቢ ላይ ቦታ የለውም። አስፋልትም ጥቁር አይደለም፤ ፀሐይና ጎማ የበላው አስፋልት ግራጫ ነው። ቀለሙን ባቡሩ በሚቆምበት ክፍል መብራት ሥር ይበጥብጡት፤ በመስኮት ብርሃን ያማረው ማታ ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቅዎታል። ተራራውን የሚለብጡበትን ጀሶም ሲያቦኩ ቡናማ ቀለም ይጨምሩበት፤ አለዚያ ተራራው በተጫረ ቁጥር ነጭ ቁስል ያወጣል።

የጠጠር ሥራ

ብዙ ሰው የሚማረረው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከመጠኑ ይጀምራል። በሐዲድ ሥር የሚፈሰው እውነተኛ ጠጠር ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በኤች ኦ ሲታይ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ካፈሰሱ ባቡርዎ የሚሄደው 17 ሴንቲ ሜትር በሚያክል የግንብ ድንጋይ ላይ ነው።

ጠጠሩን ደረቅ እንዳለ በለስላሳ ብሩሽ ያስተካክሉት። ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ሙጫ ይመጣል፤ ግማሽ በግማሽ ቢሆን ይበቃል። ሙጫው ግን በደረቅ ጠጠር ላይ በቀጥታ ከተንጠባጠበ አይሰርግም፤ ድቡልቡል ሆኖ ይቀመጥና ጠጠሩን እየጠቀለለ ጉድጓድ ይተዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በአልኮል ወይም ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውሃ ጭጋግ አድርገው ያርጥቡት። ያን ጊዜ ሐዲዱን በተሸከሙት እንጨቶች ጠርዝ የጣሉት ሙጫ ራሱ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሌሊቱን አይንኩት።

ከሐዲድ መቀያየሪያው ምላስ አጠገብ ግን ሙጫውን ይቆጥቡ፤ እስኪደርቅም ምላሱን ደጋግመው ያንቀሳቅሱ። ከውጭ ያመጡትን አሸዋ ደግሞ በወንፊት ነፍተው ማግኔት ያሳልፉበት። በውስጡ የቀረ የብረት ብናኝ በባቡሩ ሞተር ማግኔት ተስቦ ይገባና ሞተሩን ያበላሻል። በመጨረሻ የሐዲዱን ጎን ዝገት የመሰለ ቡናማ ቀብተው አናቱን ሳይደርቅ ይጥረጉት፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ወንዝን በአንድ ጊዜ መሙላት

ውሃ እንዲመስል የሚፈሰው ሬዚን፣ ማለትም ኤፖክሲ፣ ሲጠነክር ይሞቃል። በወፍራሙ ከፈሰሰ ሊሰነጠቅ ወይም አረፋ ሊይዝ ይችላል፤ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውፍረት ሳያልፉ በየንብርብሩ ያፍስሱት። ከዚያ በፊት የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ክፍተት እንኳ ይድፈኑ፤ ሬዚን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኛል፣ ወለልዎም ላይ ይደርቃል። ጥልቀት የሚመጣው ከሬዚኑ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ቀለም ነው፤ መሐሉን አጥቁረው ወደ ዳር እያፈኩ ይቅቡት።

የሚንሳፈፉ ቤቶች

በግድግዳውና በመሬቱ መካከል ቀጭን የጥላ መስመር ከታየ ቤቱ በአየር ላይ ቆሟል። ጥቂት አፈርና የሣር ጉንጉን ነገሩን ይፈታዋል።

ሳይፈትሹ ማስጌጥ

ባቡሩ በሚገባ መሄዱ ሳይረጋገጥ ተራራ መሥራት ከፈረሱ ጋሪውን ማስቀደም ነው። ረጅም ፉርጎ ኩርባ ላይ ሲዞር መሐሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ካሉዎት ፉርጎዎች በረጅሙ ጎን፣ አንዱን መሐሉ ላይ አንዱን ጫፉ ላይ፣ እርሳስ በፕላስተር አጣብቀው በቀስታ ይግፉት። እርሳሱ ባሰመረው መስመር ውስጥ የዋሻ አፍ፣ ድንጋይም ሆነ ዛፍ አይግባ። ከተራራው በስተኋላም ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ይተዉ፤ ፉርጎ ከሐዲድ መውጣት የሚወደው ዋሻ ውስጥ ነው።