እባካችሁ በብር አታባዙት
ይህን የምጽፈው ለጥምቀት ወደ ቤት መጥቼ፣ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ ነው። ትናንት የጎረቤታችን ልጅ አሜሪካ ሊሄድ ቪዛው መውጣቱን ሊነግረኝ መጣና «ጋሼ፣ እዚያ ስደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?» አለኝ። ስለ ሥራና ስለ ብርድ እንድነግረው ጠብቆ ነበር። እኔ ግን «ማባዛት አቁም» አልኩት። እሱን ቀድማችሁ እዚያ ለገባችሁትም ምክሬ ይኸው ነው።

በራሴ ልጀምር። በ2008 ዓ.ም. አሜሪካ ስገባ አንድ ዶላር 21 ብር አካባቢ ነበር። ብርዱ ሲጀምር 60 ዶላር የተለጠፈበት ካፖርት ፊት ቆሜ በልቤ አባዛሁት፤ 1,260 ብር። «ለአንድ ካፖርት?» ብዬ ትቼው ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ታምሜ አራት ቀን ተኛሁ። በሰዓት 11 ዶላር፣ በቀን ስምንት ሰዓት እሠራ ስለነበር 352 ዶላር ቀረብኝ። ካፖርቱን በኋላ ገዛሁት፤ ቅናሹ አልፎ 75 ዶላር ገብቶ ነበር።

አሁን ደግሞ ማባዛቱ ብሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲስ ገቢው ዳቦ ቤት ገብቶ ራሱን ይዞ ይወጣል።

የሚያስቀው፣ ይኸው ሰው ደመወዙንም ያባዛል። በሰዓት 18 ዶላር፣ በወር 160 ሰዓት፣ 2,880 ዶላር፤ በብር ከ300 ሺህ በላይ! ግብሩ ሳይቆረጥ፣ ኪራዩ ሳይከፈል ስልኩን አንስቶ አጎቱን አዘዞ ላይ ቦታ እንዲፈልግለት ያዘዋል። ማባዛት ካልቀረላችሁ ኪራዩንም አባዙትና አጎታችሁ ይስማው።

ቀጥሎ ብድር። እኛ ዘንድ ዕዳ የሌለበት ሰው ይከበራል፤ እዚያ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው ቤት ለመከራየት እንኳ ይቸገራል። ነገሩ እንግዳ ይምሰል እንጂ አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ የሰፈራችን ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። ስኳርና ዘይት ወስዶ በወሩ መጨረሻ የሚከፍለውንም፣ ባለ ሱቁን ሲያይ መንገድ የሚቀይረውንም ደብተሩ ያውቀዋል። የአሜሪካውን ደብተር ግን የአገሩ ባለ ሱቅ ሁሉ ያነበዋል። ክሬዲት ስኮር ይሉታል። በብዛት የሚሠራበት ነጥብ ከ300 እስከ 850 ሲሆን፣ 35 በመቶው የሚመጣው ቀን ሳያሳልፉ ከመክፈል ነው።

ደብተሩ ላይ ስሙ የሌለ ሰው የሚጀምረው መያዣ በሚጠይቅ ካርድ ነው። 300 ዶላር ብታስይዙ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ያህል እንድትጠቀሙ ይፈቀድላችኋል። ከ90 ዶላር፣ ማለትም ከተፈቀደላችሁ 30 በመቶ፣ አትለፉ፤ ቀኑ ሳይደርስም ሙሉውን ክፈሉ። ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ እየከፈለ ለሚጓዝ ሰው ወለዱ በዓመት ከ20 በመቶ ማለፉ የተለመደ ነው። እኛ አራጣ የምንለውን እነሱ በሚያምር ፖስታ ይልኩላችኋል።

ዕቁብ እንግባ ወይ ለምትሉኝ፣ ግቡ። ወለድ የለውም፤ ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ ማለት ነው። ነገር ግን የዕቁብ ዳኛ ይደውላል፤ ባንክ «ዘንድሮ አልቆጠብክም» ብሎ አይደውልም። ከዕቁቡ በፊት ግን መሥሪያ ቤታችሁን ስለ 401 ኬ ጠይቁ። የጡረታ ቁጠባ ነው፤ እናንተ አንድ ዶላር ስታስቀምጡ 50 ሳንቲም የሚጨምር አሠሪ አለ፣ እኩል የሚጨምርም አለ። የሚጨምርበት ጣሪያ እስኪደርስ አስቀምጡ። የተጨመረው ሙሉ በሙሉ የእናንተ ለመሆን ስንት ዓመት መሥራት እንዳለባችሁም አትርሱት። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት የሚያወጣ ሰው ከግብሩ ሌላ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ይቀጣል።

ከዚያ የሚተርፋችሁን፣ ክርስትና ድግስ ላይ ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው በነገራችሁ አክሲዮን ላይ አታውሉት። እኔ አውዬዋለሁ፤ ድግሱ ጥሩ ነበር። የሚሻለው ኢንዴክስ ፈንድ፣ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የሚይዝ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ የትኛው ጆንያ ጤፍ እንደሚበልጥ ከመገመት ከየጆንያው አንድ አንድ እፍኝ እንደ መውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራው ቆጣቢ ሲቀርብ ተሳልቀውበት ነበር። ዋጋው ይወርዳልም፤ በቅርብ ዓመታት የምትፈልጉትን ገንዘብ አታስገቡበት።

ለቤተሰብ ስትልኩ ደግሞ «ክፍያ የለውም» የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ አትመልከቱ፤ ላኪው ትርፉን ምንዛሬው ውስጥ ሊከተው ስለሚችል ቤተሰብ እጅ የሚገባውን ብር አወዳድሩ። የምትልኩበትን ቀንና መጠን ቁረጡና ለእናታችሁ ንገሯት። እናት የምትጨነቀው ቁጥሩ ሲያንስ ሳይሆን ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

የእኔዋ ዛሬ ጠዋት አቦሉን እየቀዳች «እዚያ አንድ ስኒ ቡና ስንት ነው?» አለችኝ። አምስት ዶላር አልኳት። ዝም ብላ አባዛችው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ጀበናውን መልሳ ከሰሉ ላይ ጣደችና «በረካውን ሳትጠጣ ንቅንቅ የለም» አለች።