ፋይቶ በሰጠሁ ቁጥር ውሃው የሚደፈርሰው ለምን እንደሆነ አገኘሁት

ለገጣፎ አካባቢ የጨው ውሃ አኳሪየም ከኮራል ጋር ላላችሁ። ፋይቶፕላንክተን (ፋይቶ፣ ለኮራሎች ምግብ የሚሆን በዓይን የማይታይ የውሃ አልጌ) በሰጠሁ ማግስት ውሃው ይደፈርሳል፣ ኮራሎቹ ይኮማተራሉ፣ ዓሦቹም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። መጠኑን ቀነስኩ፣ ውሃ ቀየርኩ፣ ውሃ የሚያጣራ ካርቦን ጨመርኩ፣ ወይ ፍንክች!

በኋላ ፋይቶውን ቤት የማራባበትን ጠርሙስ ከፍቼ አሸተትኩት። ደህናው ናኖክሎሮፕሲስ (የማራባው የፋይቶ ዓይነት) ባሕር ባሕር ይሸታል፤ ይሄ ግን የገማ እንቁላል ነው፣ ከታችም እንደ ጠላ አተላ ዘቅጧል። ለካ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ የአየር ፓምፑ ይቆማል፣ ሴሎቹ ይዘቅጡና ታፍነው ይሞታሉ፣ የሞተውን ስጨምር ደግሞ እየበሰበሰ የአኳሪየሙን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ አሞኒያም ይለቃል።

ያንን ደፋሁት። ጠርሙሱን በበረኪና አጥቤ፣ ደጋግሜ አለቅልቄ አደረቅኩት፤ ከጓደኛዬ አዲስ ዘር ወስጄ ጀመርኩ። ፓምፑን መብራት ሲጠፋ በራሱ ወደ ባትሪ በሚዞር ቀየርኩት፣ ዋናው መፍትሔ ይሄ ነው። ፍሪጅ ያስቀመጥኩትን ፋይቶም እንዳይዘቅጥ በየቀኑ እነቀንቀዋለሁ።

አሁን ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እሰጣለሁ። ስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማጣሪያ) እና ዩቪውን (ውሃውን በጨረር የሚያጸዳውን መብራት) ለጥቂት ሰዓት አጠፋለሁ፣ አለዚያ ስኪመሩ ጠርጎ ያወጣዋል፣ ዩቪው ይገድለዋል። ውሃ የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ግን እንዳትነኩት፣ ሌሊት ዓሦቹ የሚተነፍሱት በእሱ ነው። ኮራሎቹ ተከፍተዋል፣ ውሃውም ጠርቷል።