የአሮጌ ፒክአፕ የጋቢና ወንበር ልብስ እንዴት ይቀየራል?

የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ወንበር ከበር እስከ በር የተዘረጋ አንድ ረጅም መቀመጫ ነው። ሲያረጅ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የተቀደደው ልብስ ቢሆንም ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሥር ነው። ሞላው ይላላል፣ ስፖንጁ ይሰምጣል፣ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ልብሱ ያለ ልኩ እየተወጠረ በስፌቱ በኩል ይተረተራል። በደከመ ሞላ ላይ አዲስ ልብስ ማልበስ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ወንበሩን ማውጣት

ወንበሩን ከወለሉ ጋር የሚይዙት በአብዛኛው አራት ቡሎኖች ናቸው፤ በዕድሜ ብዛት ይዝጋሉ። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይርጩባቸው። ከመኪናው ሥር ዳዶ ካላቸው አንድ ሰው ከታች ቁልፍ ይዞ ይርዳዎት። ወንበሩ ከባድ ስለሆነ ሲወጣም ለሁለት ነው።

ቡሎኑ እምቢ ካለ ወደ ግራይንደር አይሩጡ። በብዙ አሮጌ ፒክአፖች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 በወጡት የሼቭሮሌት ሞዴሎች፣ የነዳጅ ታንከሩ የሚገኘው እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ፍንጣሪ የሚያወጣ ሥራ እዚያ አካባቢ አይሞከርም።

አሮጌውን ልብስ መፍታት

ከመንካትዎ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፤ ከሥር ያለውንም ጭምር። ልብሱን ከብረቱ ጋር የያዙት ትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች ናቸው፤ በጉጠት እየቆረጡ ያውጧቸው። የአሮጌ ወንበር አቧራና የደቀቀ ጥጥ ለሳንባ አይበጅም፣ ቀለበቱም ሲቆረጥ ይፈናጠራል፤ ስለዚህ ጭምብል፣ መነጽርና ጓንት ያድርጉ። በልብሱ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ የተሰገሰጉ ረጃጅም ሽቦዎችም አሉ። ቀለበቶቹ የሚጨብጡት እነሱን ስለሆነ አውጥተው የየትኛው ጎን እንደሆኑ ጽፈውባቸው ያስቀምጡ።

ሞላና ስፖንጅ

ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡት። የተሰበረ ሞላ በሽቦ ታስሮ ብዙ አይቆይም፤ ይቀየር። በሞላውና በስፖንጁ መካከል የጆንያ ወይም የወፍራም ሸራ ንጣፍ መኖር አለበት፤ ከሌለ ሞላው ስፖንጁን እየገዘገዘ ይጨርሰዋል።

ስፖንጁን በአውራ ጣት ይጫኑት። ቶሎ ከተመለሰ ጤነኛ ነው፤ ከላዩ 2.5 ሴንቲሜትር የሚሆን አዲስ ንጣፍ በማስቲሽ ቢለጥፉበት ይበቃዋል። ብዙ ቦታ የሚያልቀው ሾፌሩ ሲገባና ሲወጣ የሚንሸራተትበት የበሩ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ያንን ቆርጠው በአዲስ ጠንካራ ስፖንጅ ይተኩና በጥርሳም የዳቦ ቢላዋ ቅርጽ ያስይዙት። በእጅ ሲነካ እየተፈረፈረ ዱቄት የሚሆን ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይጣል።

ቅድ ማውጣት

ጊዜ መስጠት ያለብዎት እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ልብስ ከማንኛውም መለኪያ የተሻለ አስተማሪ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አይጣሉት። ስፌቱን ከመተርተርዎ በፊት በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥርና ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስት ይጻፉ። ከዚያ በየ10 ሴንቲሜትሩ ስፌቱን የሚያቋርጥ መስመር ያስምሩ፤ ሲሰፉ ሁለቱ ቁራጮች የት ላይ እንደሚገናኙ የሚነግርዎት እሱ ነው።

በሾፌሩ በኩል ያለው ልብስ በመቀመጥ ብዛት ስለሚለጠጥ በእሱ ልክ ከቆረጡ አዲሱ ይሰፋል። ወንበሩ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብዙ ያልተቀመጡበትን ጎን ካርቶን ላይ ይገልብጡ፤ ከዚያ ካርቶኑን አዙረው ለሌላው ጎን ይጠቀሙበት። እውነተኛው ልክ አሮጌው የስፌት መስመር ነው፤ ከእሱ ውጭ 12 ሚሊሜትር የስፌት ትርፍ ይተዉ።

ስፌት

በሰው ሠራሽ ቆዳ (ቪኒል) ላይ የመርፌ ቀዳዳ አይጠፋም። ስለዚህ ቁራጮቹን በስፒል ሳይሆን በመቆንጠጫ ያያይዙ። የስፌቱን እርምጃ ወደ 4 ሚሊሜትር ያስረዝሙት፤ ቀዳዳው ከተቀራረበ ቆዳው በመስመሩ ላይ እንደ ቴምብር ይቀደዳል። 18 ቁጥር መርፌና ፀሐይ የሚችል ወፍራም የፖሊስተር ክር ይጠቀሙ። የቤት የስፌት መኪና ሁለት ድርብ ይሰፋል፤ አራት ድርብ ሲሆን ግን ይንገታገታል፤ የከባድ ስፌት መኪና ካላገኙ ጠርዙ ላይ ገመድ ያለበትን ስፌት ቢተዉት ይሻላል።

ማልበስ

ልብሱን ፀሐይ ላይ አስጥተው ወይም በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ያለስልሱት። ስፖንጁ ላይ ስስ ፕላስቲክ ቢያነጥፉ ልብሱ ሳይጎተት ይገባል። ሽቦዎቹን ወደየእጥፋታቸው መልሰው መጀመሪያ የፊቱን መሃል፣ ቀጥሎ የኋላውን መሃል በቀለበት ይያዙ። ከዚያ ግራ ቀኝ እያፈራረቁ ወደ ጎን ይሂዱ፤ ማዕዘኖቹ መጨረሻ ይሁኑ። ከአንድ ጎን ጀምሮ እስከ ሌላው መሄድ ስፌቱን ያጣምመዋል። ሁሉንም ቀለበት ከመዝጋትዎ በፊት ተቀምጠውበት ይነሱ፤ የቀረው መጨማደድ የት እንዳለ ያኔ ይታያል፣ ማስተካከያውም ቀላል ነው።

ወንበሩን ሲመልሱ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ግሪስ ይቀቡት፤ ዝገት የበላውን ቡሎን በአዲስ ይቀይሩት። ቡሎኖቹን ከማጥበቅዎ በፊት የደህንነት ቀበቶዎቹን ወደ ላይ ማውጣትዎን ያረጋግጡ፤ ከሥር ከቀሩ ወንበሩ እንደገና መፈታቱ ነው።